የዳክዬዋ ሊብሬ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ሞተሬ የኔ አይደለችም ተባልኩ።

ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። እማማ ማርኬላን የስኳር መርፌ ልወጋ ወደ ላይኛው መንደር ስወጣ አዲሱ ፖሊስ ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ እጁን ዘረጋ። አርጊሪስ ይባላል፤ ከሰሜን ተራሮች ተመድቦ የመጣ ነው፣ ባሕር ሲያይ ፊቱ ይገረጣል። እዚህ ደሴት ላይ ሞተር ማስቆም የሚባል ልማድ እንደሌለ የነገረው ሰው የለም። ሄልሜት የጠየቀኝ መስሎኝ ከቅርጫቱ አወጣሁና ውስጡ ያለውን ሎሚ ደፍቼ አሳየሁት።

«ሊብሬ» አለ።

ሊብሬው ከኮርቻው ሥር፣ ከካንዴላ መፍቻው ጋር በቅባት ጨርቅ ተጠቅልሎ ዘጠኝ ዓመት ተኝቷል። አንብቤው አላውቅም። ሰው የገዛ ሊብሬውን ያነባል እንዴ? እሱ ግን አነበበው። መታወቂያዬንም ተቀብሎ ሁለቱን አስተያየ።

«እትዬ፣ ይህ ሞተር የርስዎ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የጋሩፋልያ።»

«እኔ ነኝ ጋሩፋልያ!»

«ሊብሬው የኒኪታስ ልጅ ጋሩፋልያ ይላል። እርስዎ የስታማቲስ ልጅ ነዎት።»

ከዓለም ሴት ሁሉ እሷ!

እስከ ጸሎተ ሐሙስ ካላስተካከልኩ ታርጋዬን ይፈታል። ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን አልራራሁለትም። እናቱን ጨምሬ ሰደብኩት። እናቱ ነርስ ነች አለኝ። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

አያቴ ጋሩፋልያ ሁለት ወንዶች ወለደች። ሁለቱም በሦስት ወር ልዩነት ሴት ልጅ ወለዱ፣ ሁለቱም እንደ ወጉ በእናታቸው ስም ጠሩ። ባይጠሩ ኖሮ አሮጊቷ በቁማቸው ትረግማቸው ነበር። ስለዚህ በዚህች ቋጥኝ ላይ ስማችንም የቤተሰብ ስማችንም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች አለን። ሰዉ «የስታማቲስዋ» እና «የኒኪታስዋ» እያለ ይለየናል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዋናው ደሴት ትራንስፖርት ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ ግን አለየም። ሁለት ጋሩፋልያ መዝገቡ ላይ ሲያገኝ መጀመሪያ ያገኛትን ወሰደና ወደ ምሳው ሄደ።

ጠዋት ወደቡ ወዳለው የዜጎች አገልግሎት ቢሮ ሄድኩ። ፎቲኒ፣ የማህተሙ እመቤት፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«ቀላል ነው» አለች። «የኒኪታስዋ እዚህ መጥታ፣ መታወቂያዋን አሳይታ፣ ‹ሞተሩ የኔ አይደለም› ብላ ፊቴ ትፈርማለች። እኔ ማህተም አደርጋለሁ። ወረቀቱ በመርከብ ይሄዳል። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ልትሞት ትችላለች፤ ያኔ ግን ወራሾቿን ማናገር ነው።»

ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ከዚያች ሴት ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ነፋስ። መርከብ የለም። ስምንት ቤት፣ ስድስት መርፌ፣ ሁለት ቁስል። ዳክዬዋ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሳለች። (እንደሷ ያሉትን ትንንሽ ሞተሮች እዚህ ሁሉም ዳክዬ ነው የሚላቸው፤ የኔዋ ግን ስሙ በእውነት ይገባታል።)

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ሞተር ከሌለሽ የላይኛው መንደር የቤት ለቤት ሕክምና አገልግሎት ይቆማል፤ እኛ መኪና የለንም» አለ። አዛውንቶቹስ? «የማርኬላ ዓይነቶቹ ዋናው ደሴት ወዳለው መጦሪያ ይሄዳሉ።» ይህን ሲል ሱፍ ይቆረጥም ነበር። ቅርፊቱን ጫማዬ ላይ ተፋ።

እሁድ፣ ማርች 9

ያጣላንን ድስት በተመለከተ። አንድ ቀን ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው ቢኖር ነገሩን ከኔ ይስማ።

አያቴ ስትሞት ትልቁን የመዳብ ድስቷን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ ደረስኩ፣ ቀድሜ ወሰድኩ፣ አለቀ። የኒኪታስዋ አሮጊቷን እስከ መጨረሻው ያጠብኩትና ያገላበጥኩት እኔ ነኝ አለች። አጥባለች፤ ማን ካደ? በመንደሩ አደባባይ ሌባ አለችኝ። እኔም የማይጻፍ ነገር አልኳት።

አሁን ድስቱ ውስጥ ጄራንየም ተክያለሁ። ያምራል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያደንቀዋል።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ሄድኩ። መሰላል ላይ ቆማ ለፋሲካ ግድግዳዋን ኖራ ትቀባ ነበር። ሰላም አላልኩም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ ከየትኛው ይጀመራል?

«አንድ ወረቀት ትፈርሚልኛለሽ» አልኳት።

«የምን?»

«የዳክዬዋ። በስሕተት በስምሽ ናት።»

አልደነገጠችም። ዞር ብላም አላየችኝ። ብሩሹን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ «ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ የምትነግሪኝ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ከመሰላሉ ሥር ዞር በይ፣ ኖራ ይንጠባጠብብሻል።»

ተንጠባጠበብኝ። ሆን ብላ ነው። ጥቁር ሹራቤ ድንቢጥ የሰፈረችበት መስሏል።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ከፋርማሲው ስወጣ የኒኪታስዋ ከፎቲኒ ቢሮ ስትወጣ አየኋት። ጥሩ ጫማዋን አድርጋለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሊብሬው በስሟ ነውና ዳክዬዬን በሕግ ልትወስድ ነው! ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ማርች 14

ፎቲኒን ጠየቅኋት። «የሥራ ምስጢር ነው» አለች።

የሥራ ምስጢር! ባለፈው ዓመት የቄሱን ኪንታሮት ለዓሣ ገበያ ያበሰረች ሴት! ይህን ብዬ ስጮህባት ማህተሟን በቀለም እያሸች ሳቀች። ምኑ እንዳሳቃት አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ያኮቮስን፣ ፖስተኛውን፣ መልእክት ያደርስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። እኔና እሱም ብዙ አንስማማም። በየሁለት ዓመቱ የዳክዬዋ የቦሎ ማስታወቂያ ሲመጣ ፖስታው ተከፍቶ፣ ቅርጫቷ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት አገኘዋለሁ። በየሁለት ዓመቱም እሰድበዋለሁ። ዛሬም ከሰላምታ በፊት እሱን አነሳሁበት።

«ስሚ፣ የስታማቲስዋ» አለ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ የከፈትኩት ደብዳቤ የቄሱን ብቻ ነው፤ እሱም ይገባው ነበር። ያንቺን የቦሎ ወረቀት በእጄ ይዤው አላውቅም።»

«እና በክንፉ በርሮ ነው ቅርጫቴ የገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ፖስታ የሚሄደው አድራሻው ወዳለበት ነው።»

አድራሻው ሊብሬው ላይ ያለው ነው። ሊብሬው ላይ ያለው አድራሻ ወደቡ ነው፣ የኒኪታስዋ ቤት። ከወደቡ እስከኔ ቤት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ አለ፤ የኒኪታስዋ ጉልበት ደግሞ ከሃምሳ ዓመቷ ጀምሮ የታመመ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል፣ ምስኪኑን ፖስተኛ ዘጠኝ ዓመት ስሰድበው ኖሬያለሁ። ስለ ቀሪው ነገር ዛሬ ማሰብ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ብስራት። ዓሣ ተፈቀደ፤ በነጭ ሽንኩርት ጠገብኩ፣ እስከ ነገ ሰው አጠገቤ አይደርስም።

ቤተ ክርስቲያን የኒኪታስዋ ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቀድማ ቆማ ነበር። ጸጉሯ ሸብቷል። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ «አንገታቸውን እዪልኝ፣ ቁርጥ አሮጊቷ ጋሩፋልያ» ስትል ሰማሁ። «አመላቸውስ?» አለች ሌላዋ፤ ሁለቱም ተንከተከቱ። ዞሬ አየኋቸውና ጸጥ አሉ። የነጭ ሽንኩርቱ ትንፋሽም ሳያግዘኝ አልቀረም።

የኒኪታስዋ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ቆም ያለች መሰለኝ። እኔ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

እማማ ማርኬላ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ አያይም፣ ምላሷ ግን ሳር ያጭዳል። እግሯን ሳጥብ የሊብሬውን ጉዳይ ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ» አለች (ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው)፣ «የኒኪታስዋ ባል የሌፍቴሪስ አርባ ትዝ ይልሻል?»

«አልነበርኩም።»

«መች ጠፋኝ። ንፍሮው አርሮ ነበር። በሦስት ትንንሽ ድስት ነው የቀቀለችው፤ አንዱን ስታማስል አንዱ እያረረባት። የሟች ስንዴ ሲያርር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በላነው፣ ምን ይደረጋል። ለምን ትልቅ ድስት እንዳልነበራት ታውቂያለሽ?»

«እግርሽን አታንቀሳቅሺ» አልኳት።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አለች፣ እግሯንም እያንቀሳቀሰች።

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ ከቤት አልወጣሁም። እንግዲህ ልጻፈው።

ሌፍቴሪስ የኒኪታስዋ ባል ነበር፤ ዓሣ አጥማጅ። በዓመት አንድ ቃል ይናገራል ይባል ነበር፤ ቃሉም «እሺ» ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት በማርች መረቡን ሲጎትት ልቡ ቆመ። ቀብሩ የወጣው በቤቴ በር ነው፤ ወደ መቃብሩ የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም። እኔ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አየሁ። ጥቁሩን ቀሚሴን ለብሼ ነበር። ጫማዬንም አድርጌ ነበር። መጥታ ብትጠራኝ እወጣለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ባሏን የምትቀብር ሴት፣ እኔን ለመጥራት ሰልፉን ጥላ ደረጃ ትውጣ! እንዲህ ዓይነት አህያ ነኝ።

በአርባው ዋዜማ ሰው ላከችብኝ። ድስቱን ለሁለት ቀን አውሺኝ ብላ። «አበባ ተክዬበታለሁ» ብዬ መለስኩ። እውነት አልነበረም። ሰውዬው እንደወጣ አፈር አምጥቼ ሞላሁበትና ጄራንየሙን ተከልኩ፣ ዋሾ እንዳልባል።

ስምንት ዓመት ውሃ አጠጣሁት። ከክፋት ይሁን ከእልህ እንጃ፣ ጥሩ ይበቅላል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ደብዳቤ ጻፍኩላት። በጨዋ ቋንቋ። የሻንሲ ቁጥር፣ የሊብሬ ቁጥር፣ የፎቲኒ የሥራ ሰዓት፣ «አስቀድሜ አመሰግናለሁ»። በያኮቮስ እጅ ላክሁ።

ከሰዓት መልሶ አመጣው። ከታች በቀይ እርሳስ አንድ ቃል ተጽፏል።

ሌላስ?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ሰሙነ ሕማማት። ሦስት ቀን ቀረው። አርጊሪስ ዛሬ ራሱ አስቆመኝና «እትዬ፣ እባክዎ ይጨርሱት፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ» አለ። ታርጋ መፍቻ ከማዘጋጃ ቤቱ መዋሱን ሰምቻለሁ። የራሱ የለውም።

እማማ ማርኬላ ጋ ስደርስ አልጋዋ ላይ ትንሽ ሻንጣ አየሁ። ጸሐፊው ደውሎላት ኖሯል።

«ጸጉሬን አበጥሪልኝ፣ መርከብ ላይ ሰው ያየኛል» አለች።

«የትም አትሄጂም።»

«እሺ፣ አልሄድም። ግን አበጥሪልኝ።»

ሻንጣውን ከፍቼ አየሁ። የሌሊት ልብስ፣ የባሏ ፎቶ፣ የቤቷ ቁልፍ። ዓይኗ ካላየ ፎቶውን ለምን እንደያዘች ልጠይቃት አልደፈርኩም። ስወርድ ዳክዬዋን ሁለት ጊዜ አቆምኩ፤ መንገዱ አልታይ ብሎኝ ነበር። ነፋሱ ነው።

ለአንድ ድስት!

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጠዋት ጄራንየሙን ነቅዬ በዘይት ቆርቆሮ አዛወርኩት። ድስቱን በኮምጣጤና በጨው ፈተግሁት። ክንዴ እስኪዝል ፈተግሁ፣ መዳቡ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ፊቴን አየሁበት። ያየሁትን አልወደድኩትም። ከዚያ በገመድ ዳክዬዋ ላይ አሰርኩት። ድስቱ ከሞተሯ ይበልጣል። ደረጃው አጠገብ ባለው ኮረኮንች ስወርድ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ሰዉ በየመስኮቱ ወጣ፣ አንዳንዱ አማተበ።

መታጠፊያው ላይ አርጊሪስ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድስት።»

«የማን ነው?»

ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ሳላስብ ከአፌ ወጣ። «የኒኪታስ ልጅ የጋሩፋልያ።»

ሞተሯን አየ፣ ድስቱን አየ። «ለሱስ ወረቀት አለው?» አለ። ቀልድ መሆኑን ያወቅሁት ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ነው። በደሴቱ የመጀመሪያ ቀልዱ ሳይሆን አይቀርም። አሳለፈኝ።

የኒኪታስዋ ወጥ ቤቷ ውስጥ የፋሲካ እንቁላል ቀለም ትነክር ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። ድስቱን መሬት አስቀመጥኩ። ስለ ዳክዬዋ አንድ ቃል አላወጣሁም። መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋ።

«ለአርባው ስትልኪብኝ መስጠት ነበረብኝ» አልኳት። «አበባ አልነበረበትም። የላክሽው ሰው ከወጣ በኋላ ነው የተከልኩት። ቀብሩም ላይ መምጣት ነበረብኝ። ለብሼ ነበር። ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ አየኋችሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «መስኮቱ ሲገረበብ አይቻለሁ። አሁን ትወጣለች፣ አሁን ትወጣለች እያልኩ መቃብሩ ድረስ ወደ ኋላዬ ሳይ ነው የሄድኩት።»

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ አልጽፍም። እሷ ነች።

አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ፣ ፊቷ ሁሉ ቀይ ቀለም ሆኖ፣ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። «አፈር አለበት።»

«ፈትጌዋለሁ!»

«ጆሮው ሥር አፈር አለ። መቼ ድስት ማጠብ ታውቂያለሽ አንቺ!»

እጇን ታጠበችና የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበች። የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። «ከላይ የተጠቀሰው ሞተር ሳይክል የኔ አለመሆኑን፣ የአጎቴ የስታማቲስ ልጅ የጋሩፋልያ መሆኑን...» ፊርማ። ማህተም። የፎቲኒ የተንጋደደ ቀን፦ ማርች 12።

ማርች 12! በጥሩ ጫማዋ! ኖራ በቀባችኝ ማግስት!

«አምስት ሳምንት በላሽኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አምስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ! ማርኬላ ሻንጣ እስክታዘጋጅ!»

«እኔን ስምንት ዓመት በላሽኝ» አለች። «ማርኬላን ለመርከብ አልሰጣትም ነበር። ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት ባትመጪ ራሴ ላደርስልሽ ነበር። ጫማዬን አላየሽም?»

አየሁ። ጥሩ ጫማዋ በሩ አጠገብ ተወልውሎ ቆሟል።

«የቦሎ ወረቀቶቹንስ?» አልኳት። «በዚያ ጉልበትሽ?»

«ቅርጫቱ ውስጥ ስጥል የመጥበሻሽን ጭስ እሸት ነበር። አለች፣ በሕይወት አለች እላለሁ። ዓሣ ታሳርሪያለሽ፣ ታውቂያለሽ?»

ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረስን፤ እሷ ከኋላዬ ተቀምጣ፣ ወገቤን አንቃ፣ በየመታጠፊያው ማርያምን እየጠራች። ፎቲኒ ወረቀቱን ተቀብላ የማመልከቻ ደረሰኝ ስትሰጠኝ ዓይኗን በማህተም ጨርቁ ጠረገች። ጉንጯ ሰማያዊ ሆነ። ደረሰኙን ለአርጊሪስ አሳየሁት። የተዋሰውን መፍቻ ሊመልስ ሮጠ።

ማርኬላን በስልክ ሻንጣሽን ፍቺ አልኳት። «ቀድሞስ ምን ነበረበት፣» አለች፣ «አንድ ሌሊት ልብስ!»

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ስቅለት። በማለዳ ሰዉ ሁሉ ሙታኑን ሊያይ ወደ መቃብር ይወጣል። የኒኪታስዋ ከኋላዬ ተቀመጠች፣ ጄራንየሙን በዘይት ቆርቆሮው አቅፋ። ዳገቱ ላይ ዳክዬዋ ሳለች።

«ምን ሆነች?»

«ከብደሽባት ነው።»

«ወረቀቱ ዋናው ደሴት እስኪደርስ፣ እስከ ማክሰኞ፣ የኔ ነች፤ እንዳሻኝ እከብዳለሁ።»

በቤቴ በር አለፍን። መስኮቱን ከመውጣቴ በፊት ወለል አድርጌ ከፍቼው ነበር። አይታዋለች።

የሌፍቴሪስ መቃብር ላይ ስሙ፣ ፎቶው፣ ትንሽ መብራት። ስምንት ዓመት አልመጣሁም። እሷ መብራቱን ስትለኩስ እኔ ቆርቆሮውን ከእግሩ በኩል አስቀመጥኩ፣ ተንበረከክሁ፣ «ሌፍቴሪስ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። ሌላ ንግግር አልመጣልኝም። እሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ቀና ብዬ አየኋት።

የኒኪታስዋ ክብሪቱን እፍ ብላ አጠፋች።

«‹እሺ› ብሏል» አለች።